የጎን ብረት

«ይሄን ብረት አውጪልኝና እሁድ ማን እንደሚበር ታያለሽ» አለ ቴዎ፣ የመኪናውን በር በመዳፉ እየመታ።

ሪሐና እጇን በጨርቅ ጠረገች። ላፍቶ ያለው የአባቷ ጋራዥ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም፤ አባቷ ጋሽ ሙሄ ጁምዓ ሊሰግዱ መስጊድ ሄደዋል። ቴዎ ይህን ሰዓት ጠብቆ ነው የመጣው። በሩ ሥር የሾፌሩን ጎን የሚከላከለውን ብረት እንዲያወጡለት ጠዋት ቢጠይቃቸው ጋሽ ሙሄ «አልነካውም» ብለው መልሰውታል።

«የውድድሩ ፈታሾችስ?»

«አይተው አሳልፈውኛል፤ ድጋሚ አያዩም። ባክሽ ሪሐንዬ፣ ኩርባ ላይ ያከብደኛል። ወንድምሽም ይሄን ብረት ባይሸከም ኖሮ መቼ እደርስበት ነበር?»

ደሟ ፈላ። ባለፈው ውድድር ኩርባው ላይ ቴዎ ፍሬን ሳይዝ የወንድሟን የያሕያን መኪና በጎን ገጭቷል። ያሕያን ከሞት ያተረፈው እንዲህ ያለ ብረት ነው፤ ዛሬም ግን የሚሄደው በክራንች ነው። ቴዎ «ውድድር ነው እንግዲህ» ብሎ ዋንጫውን ይዞ ሄደ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲመላለስ እሱ ለጥየቃ እንኳ ደጃቸውን አልረገጠም። ሪሐና ቂም የያዘችው ያኔ ነው።

አሁን ደግሞ በገዛ አፉ እየለመናት ነው። ጥቂት ቡሎኖች መፍታት ብቻ! በዚያው ኩርባ አንዱ በጎኑ ሲገባበት ታያት። ደስ አላት፤ የምር ደስ አላት። ቁልፉን አንስታ የመጀመሪያውን ቡሎን አላላች።

«አራዳ ነሽ!» አለ ቴዎ። «ለያሕያ ሰላም በይልኝ፣ እሺ?»

እጇ ቆመ። ይሄ ሰውዬ ቢጎዳ እናቷ ብርቱካን ገዝታ ከሁሉ ቀድማ ሆስፒታል ትሄዳለች። ያሕያም በክራንቹ ይከተላታል። ሰው ሁሉ «አይ ቴዎ፣ ምስኪን!» ይላል። ሪሐና ደግሞ ማንም እንዲያዝንለት አትፈልግም። እንዲሸነፍ ነው የምትፈልገው።

ቡሎኑን መልሳ ማጥበቅ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጠበቅኩት።»

«እሸነፋለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ጋራዥ አስፈታዋለሁ!»

«ሞክራት። ለፈታሾቹ እደውላለሁ። ሰላምታውንም ራስህ አድርስ፤ ቤታችን አይጠፋህም።»

ሪሐና ሙሉ ክብደቷን ቁልፉ ላይ ጥላ ቡሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀችው። እሁድ ኩርባው ጋ ቆማ፣ ሁሉም እየቀደሙት ሲያልፉ ልታየው ነው።