የኋላው እጀታ

አናጢው ወደ ቦርሳ ሰፊዋ ሱቅ ገብቶ እጁን ዘረጋላት። ልትጨብጠው እጇን ስትሰድ፣ «አይ... ለልኬት ነው» አለና አፈረ። እሷም አፈረች።

ፊት ለፊት ሲሠሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ከሰላምታ በቀር ግን ተጨዋውተው አያውቁም። በገዛ እጁ ጠባብ የእንጨት ጀልባ ሠርቶ ነበር። አሁን እስከ ሐይቁ የሚሸከሙበት ሁለት የቆዳ እጀታ ፈለገ፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። እጀታ በያዡ መዳፍ ልክ ካልተሰፋ እጅ ይልጣል። ስለዚህ መዳፉን ለካችው። ሻካራ ነበር፤ ሞቃት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልቧ እንዲህ ደንግጦ አያውቅም።

«የኋላውንስ ማን ነው የሚይዘው?» አለችው።

አናጢው መሬት መሬቱን እያየ፣ «የሴት እጅ ነው... ያንቺን የሚያህል» አለና ወጣ።

ቅስሟ ተሰበረ። ሴት አለችው ማለት ነው። ያን ዕለት መርፌው ጣቷን ደጋግሞ ወጋት። በመጨረሻም ሁለቱንም እጀታ በእሱ መዳፍ ልክ ሰፍታ ላከችለት። ላላየሁት እጅ እንዴት ልስፋ ብላ ራሷን አጽናናች፤ ቅናት መሆኑን ግን ልቧ ያውቀዋል።

እናቷ እራት ላይ ዝምታዋን አይተው አወጣጧት። ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ሳትጠይቂ ነው የተቀየምሽው?»

በማግስቱ አናጢው አንዱን እጀታ ይዞ መጣ። የኋላው ትልቅ ነው አላት።

«እጇን አላየሁትማ። ይዘሃት ና፣ ልለካት።»

«እዚሁ ናት።»

ዞር ብላ በሩን አየች። ማንም የለም። ያኔ ነው የገባት።

«እኔ እኮ ዋና አልችልም» አለች።

«እኔም አልችልም።»

«ታዲያ ጀልባ ምን ያደርግልሃል?»

ወደ ሱቋ የሚያስገባው ምክንያት ሲፈልግ እንደከረመ ነገራት። ወንበር ቢሠራ ቆዳ አይፈልግም፤ ቁም ሣጥንም አይፈልግም። «ጀልባ ግን ያለ እጀታ አይነሳም። ለብቻም አይነሳም።»

ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። «እፈራለሁ» አለችው። «አንድ ጊዜ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ አልችልም።»

አናጢው አይዞሽ አላላትም። «እንግዲያው ከጉልበት የሚያልፍ ውሃ አንገባም» አላት።

የኋላውን እጀታ ፈትታ በራሷ እጅ ልክ ሰፋችው።

እሑድ ጠዋት ጀልባውን ተሸክመው ወረዱ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። እናቷም ልጄን ለውሃ አልሰጥም ብለው ረጅም ገመድ ይዘው ተከተሉ። አንዱን ጫፍ ጀልባው ላይ አሰሩ፣ ሌላውን እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። ሁለቱ ዳር ዳሩን ሲቀዝፉ «እንዳትርቁ!» እያሉ ቆሙ።

ትንሽ ቆይቶ የልጃቸው ሳቅ ከውሃው ላይ መጣ። ከሰሙት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

እናትየው ገመዱን ላላ አደረጉላቸው።