ከዘጠኝ ሥር ቀይ ክር

በዐቢይ ጾም የመጀመሪያው እሁድ፣ ረፋድ ላይ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ በሚቀደሰው ቅዳሴ፣ ኦርጋኑ አጠገብ አራት ሰዎች ነበሩ። ኦርጋኑን የሚጫወቱት ልብስ ሰፊው ሽማግሌ፤ የመዘምራኑ መሪ፤ ጥግ ይዞ የቆመው፣ በቁመቱ አንቴና የሚሉት ልጅ፤ እና የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ፣ ጭጭ የሚሏት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ጭጭ ያሏት ብዙ ስለማታወራ ነው። ስትዘምር ግን ድምጿ እስከ በሩ ይሰማል።

ሁለተኛው ንባብ አልቆ ሕዝቡ ለወንጌል ተነሣ። አያቷ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን የመዝሙር ሰሌዳ አዩ፣ በእግራቸው የኦርጋኑን ወናፍ ረገጡ፣ ጀመሩ።

ሃሌ ሉያ!

በጾም ሃሌ ሉያ አይዘመርም። ተጣጥፎ እስከ ትንሣኤ እንደሚቀመጥ የክት ልብስ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ቁርባን የሚማሩ ሕፃናት እንኳ ያውቃሉ። መዘምራኑ የተለማመዱትን የጾም መዝሙር ጀመሩ፤ ኦርጋኑ ሌላ ይላል፤ ግማሹ ሕዝብ ኦርጋኑን ተከትሎ «ሃሌ...» ብሎ አፉን ከፈተና መሃል ላይ ዋጠው። ከኋላ ወንበር የሆነ ሰው ሳቀ። አባ ወንጌሉን እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። አያቷ እጃቸውን አነሡ። ወናፉ ውስጥ የቀረው አየር ብቻ ፊሽ ብሎ ሲወጣ ተሰማ።

ጭጭ ወደ ሰሌዳው ቀና አለች። 16 ይላል።

ቁጥሮቹን ቅዳሜ የሰቀለችው እሷ ናት። የጾሙ መዝሙር 19 ነው፤ ሃሌ ሉያ ደግሞ 16። ቁጥሮቹ ጨርቅ በለበሰ ካርቶን ላይ የተሰፉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሰሌዳው ላይ ይሰካል። ወንበሩ ስለሚወዛወዝ ቶሎ ልውረድ ስትል ዘጠኟን ገልብጣ ሰክታታለች።

ቅዳሴው ሲያልቅ ወደ ሰሌዳው ልትሮጥ ስትል አንዲት አሮጊት አንገቷን አቅፈው ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ ወንድሟ ጤና፣ ስለ ትምህርቷ ጠየቋት። ተላቃ ስትመለስ የመዘምራኑ መሪ አያቷ ፊት ቆማለች። መሪዋ ነርስ ናት። ባል አግብታ ሦስት ልጆች ብትወልድም ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ደግ ናት፤ ግን የተበላሸ ነገር ስታይ እንደ ቁስል ቶሎ ጠርጋ ማሸግ ትወዳለች።

«አባባ፣ ዛሬ ምን ሆኑብን?» አለች በለሰለሰ ድምፅ።

«አሥራ ስድስት ይላል ብዬ ነዋ፣ ልጄ። ቁጥሩን ሳይ ጣቴ ይቀድመኛል፤ ጭንቅላቴ ከኋላ ነው የሚደርሰው።»

«አሥራ ስድስት?» መሪዋ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «ይኸው፣ አሥራ ዘጠኝ ነው እኮ።»

ጭጭም አየች። 19 ነው።

አያቷ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ሰሌዳውን ብዙ አዩት።

«አሥራ ዘጠኝ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ግን ስድስት ነው ያየሁት።»

«አይዞዎት፣ ድካም ነው። ያ በስጦታ ያገኘነው ኪቦርድ እኮ ዝም ብሎ ተቀምጧል። አንቴና ከስልኩ እየተማረ ጥሩ ይዞታል። ትንሽ ቢያርፉስ?»

አያቷ አልተከራከሩም። የኦርጋኑን ክዳን ዘግተው ቆለፉ። ቁልፉን አንገታቸው ላይ ካለው ክር ፈቱና መሪዋ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። ጭጭ አንቴናን ልትፈልግ ወጣች።

አንቴናን ያገኘችው ግቢው ውስጥ፣ የውሃ ቧንቧው ጋ ነው። ቁመቱ የትየለሌ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ለሁለት ይታጠፋል።

«አሥራ ስድስት ነበር» አለችው።

«ምኑ?»

«አንተ ደግሞ! ሰሌዳው ነዋ። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

አንቴና አፉን በእጅጌው ጠረገ። ግራ ቀኝ አየ። «እሺ፣ ነበር። ሰው ሲወጣ ቀና ስል አየሁት፣ አዞርኩት። በቃ። እኔ እንደሆነ ወንበር አያስፈልገኝ።»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለች እንዴ! ሰሌዳውን የምትሰቅለው ማን ናት? ሲስተር ብታይ ኖሮ ሰው ፊት ልክ ልክሽን ትነግርሽ ነበር። ላንቺ ብዬ ነዋ!»

«አባባ እኮ አረጀሁ ብለው ቁልፉን ሰጡ።»

አንቴና ቧንቧውን ዘጋ፣ ምንም ሳይጠጣ እንደገና ከፈተው።

«እሱን በምን ልወቅ? አሁን ብናገር ደግሞ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ኪቦርዱን ፈልጎ ነው ይላሉ። የሽማግሌውን ወንበር ሊቀማ ነው ይላሉ። ሙች፣ ማንም አያምነኝም።»

እውነቱን ነው። እሷ ራሷ ለአፍታ እንደዚያ አስባ ነበር። አፈረች።

«ጭጭ በይ እንግዲህ፣ ጭጭ» አለ ሊያስቃት ፈልጎ። አልሳቀችም።

የአያቷ ሱቅ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ናት። የስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው። የሚመጣው እሁድ ምን እንደሚዘመር ቤተሰቡ የሚያውቀው ከመኪናው ነበር፤ አያቷ ሲሰፉ እግራቸው ዜማውን ይከተላል። እናቷ ከጓዳ ሆና «ዛሬ ደግሞ ሱሪው ጌታ ሆይ ማረን እያለ ነው» ትላለች። በዚያ ሳምንት ግን መኪናው ዝም ብሎ ሰፋ። ዜማ የለው፣ ምን የለው፣ ቀጥ ያለ ትክ ትክ ብቻ።

ረቡዕ ዳቦ ጋጋሪው ሊለካ መጣ። ልጁን ሊድር ስለሆነ ሙሉ ሱፍ ያሰፋል። አያቷ ደረቱን ለኩ። ደግመው ለኩ። ከዚያ ሜትሩን ለጭጭ ሰጧት።

«አንቺ ለኪልኝ። እኔ ዓይኔን አላምነውም።»

«ሆዴ አስደንግጦዎት ነው፣ አባባ?» አለ ጋጋሪው። «እሱ የኔ አይደለም፣ የዱቄቱ ነው። ሲለኩ ይቀንሱለት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አያቷ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። አሁን በከንፈራቸው ብቻ ፈገግ አሉ።

ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ በጠመኔ መስመር ተሠመረበት፤ መቀሱ አጠገቡ ተቀመጠ። ሐሙስ ጨርቁ አልተቆረጠም። ዓርብም አልተቆረጠም። እናቷ «ምን እየጠበቁ ነው?» ስትላቸው «ሱፍ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም» አሉ። «ስድስትን ከዘጠኝ የማይለይ ሰው ደግሞ...» አልጨረሱትም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ለፍኖተ መስቀል ጸሎት ሄዱ። አያቷ እንደ ወትሮው ወደ ፊት አላለፉም፤ ከኋላ፣ ከዓምዱ አጠገብ ተቀመጡ። አባ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየተራመዱ ሲጸልዩ፣ ሕዝቡ ሲንበረከክና ሲነሣ፣ የአያቷ ጣቶች ፊታቸው ባለው ወንበር መደገፊያ ላይ ኦርጋን እንደሚጫወት ሰው ይንቀሳቀሱ ነበር። ጭጭ አየች። ከወዲያ በኩል አንቴናም አየ። ከዚያ በኋላ አንቴና መሬት መሬቱን ብቻ ሲያይ አመሸ።

የመዘምራኑ ልምምድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጭጭ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ዘጠኟን ከሰሌዳው ነቀለቻትና ወደ ሱቁ ይዛት መጣች። ያልተቆረጠው ሱፍ ላይ አስቀመጠቻት።

«ስንት ነው፣ አባባ?»

«ዘጠኝ። ምነው፣ ልትፈትኚኝ ነው?»

ገለበጠቻት። «አሁንስ?»

አያቷ ካርቶኗን አነሡ፣ ገለበጡ፣ መልሰው ገለበጡ።

«ባለፈው እንዲህ ነው የሰካኋት» አለች ጭጭ። «አሥራ ስድስት ነበር። ዓይንዎ ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ኋላ አሥራ ዘጠኝ ያደረገው ማን ነው?»

ጭጭ እንደ ስሟ ሆነች።

«ወንበር ሲጎተት አልሰማሁም» አሉ አያቷ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ያን ሰሌዳ ደግሞ ያለ ወንበር የሚደርስበት ሰው በዚህ ቤተ ክርስቲያን አንድ ብቻ ነው።»

«ለክፋት አይደለም፣ አባባ! እኔን እንዳይቆጡኝ ብሎ ነው።»

«ያ ልጅ ክፋት የት ያውቃል። ጊዜስ መች አለው፤ ሲረዝም ነው የሚውለው።»

ይህን ብለው መሳቅ ጀመሩ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ እስኪንሸራተት ሳቁ። ከዚያ ዘጠኟን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጓት።

«የኔም እጅ አለበት። ቁጥሮቹን የሰፋኋቸው እኔ ነኝ። ከስድስትና ከዘጠኝ ሥር አንድ አንድ መስመር ላድርግባቸው ብዬ፣ ነገ ነገ ስል ይኸው አረጀሁ።»

መቀሱን አነሡ። የጠመኔውን መስመር አዩ፣ ትንፋሻቸውን ሳቡ፣ ቆረጡ። ሳያቆሙ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«ልምምድ ይመጣሉ?» አለች ጭጭ።

«አይ። ይሄ በኔና ባንቺ ይቅር። ልጁን ሰው አፍ ውስጥ አናስገባው። ኪቦርዱም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ወናፍ ርገጡኝ አይልም።»

ይህን እያሉ ወደ ስፌት መኪናው ዞረው ተቀመጡ። አፋቸው እንደዚያ ይበል እንጂ እግራቸው የጾሙን መዝሙር መርገጥ ጀምሮ ነበር። ጭጭ እግራቸውን አየች። ከዚያ ከመሳቢያው መርፌና ቀይ ክር ወሰደች።

አንቴናን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘችው።

«ያንተን አልናገርም» አለችው። «የኔን ግን እናገራለሁ።»

«የኔ ሳይነገር ያንቺን ማን ያምንሻል?»

«ባያምኑኝም።»

ኪቦርዱ ከተቆለፈው ኦርጋን ፊት ለፊት ቆሟል፤ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። አንቴና ሄዶ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከኪቦርዱ ጋር እየተጋጨ አስቸገረው። ጭጭ ሰሌዳው ሥር ወንበር ስባ፣ ዘጠኟን ጭኗ ላይ አድርጋ መስፋት ጀመረች።

«ጭጭ፣ ምን እየሠራሽ ነው? ልንጀምር ነው እኮ» አለች መሪዋ።

«መስመር።»

«የምን መስመር?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ጆሮዋ ጋለ። መርፌዋን ካርቶኑ ላይ እንደሰካች ቀና አለች።

«ባለፈው እሁድ ሰሌዳው አሥራ ስድስት ይል ነበር። ዘጠኟን ገልብጬ የሰካኋት እኔ ነኝ። አባባ ያዩትን ነው የተጫወቱት።»

«ውይ፣ ጭጭ ተናገረች!» አለ አንዱ ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ። መሪዋ አልሳቀችም።

«የኔ ቆንጆ፣ አያትሽን እንደምትወጂያቸው አውቃለሁ። ግን እኔው ራሴ አይቼዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ነበር።»

ጭጭ ወደ ኪቦርዱ አላየችም። መርፌዋን ብቻ አየች።

«አሥራ ስድስት ነበር» አለች ደግማ፣ ክሩንም ሳበች።

የኪቦርዱ መብራት ጠፋ። ቀጥሎ የተነቀለ ገመድ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

«እኔ ነኝ ያዞርኩት፣ ሲስተር» አለ አንቴና። ተነሥቶ ቆሟል፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም። «ሰው እየወጣ እያለ። እሷን እንዳይቆጧት ብዬ። ኪቦርዱን ፈልጎ ነው የሚል ካለ፣ ይበል።»

መሪዋ መጥታ ዘጠኟን ከነመርፌዋ ከጭጭ እጅ ተቀበለች። ገለበጠቻት። መልሳ ገለበጠቻት። ቀዩ ክር ከግማሽ በላይ ሄዷል።

«እኔም አንድ ቃል ሳልጠይቅ» አለች ቀስ ብላ። ቦርሳዋን ከፍታ የኦርጋኑን ቁልፍ አወጣች። ጭጭ ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

«አይ፣ ይሄን እኔው ነኝ የምወስድላቸው» አለች መሪዋ። «አንቺ መስመሩን ጨርሺ። ስድስቷም ላይ አድርጊባት።»

እሁድ ዘጠኟ ቀይ መስመሯን ወደ ታች አድርጋ ተሰቀለች። ሕዝቡ ለወንጌል ሲነሣ አያቷ ቀና ብለው አዩ፣ ወናፉን ረገጡ፣ 19ን ተጫወቱ። አንቴና አጠገባቸው ቆሞ ገጽ ገለጠላቸው።