በአንድ ሌሊት ያረጀ ቦርሳ

ፖሊሷ በፌስታል የተጠቀለለውን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ሳታሳርፈው እማማ ሸጊቱ አወቁት። ጥቁር ሸራ፣ ቢጫ ገበር፣ ማንገቻው ላይ ድርብ ስፌት። ትናንት ማምሻውን ጀሞ ካለችው ጠባብ ሱቃቸው የወጣ ሥራ ነው። አሁን ጭቃ ለብሷል። ከጭቃው ጋር የደረቀ ሌላ ነገርም ነበረበት፤ እሱን ለማወቅ መነጽር አላስፈለጋቸውም።

«የማን ደም ነው?» አሉ።

«ኢንስፔክተር ጸደንያ እባላለሁ፤ የመጣሁት...»

«ስምሽን መች ጠየቅሁሽ? የማን ደም ነው አልኩሽ እንጂ።»

ኢንስፔክተሯ ሠላሳ ያልሞላት፣ ማስታወሻ ደብተሯን ደረቷ ላይ ያቀፈች ልጅ ናት። ደብተሯን ገለጠችና «ያኤል የምትባል ልጅ» አለች። «ዛሬ ንጋት ላይ ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ወድቃ ሞተች። ቦርሳው ጀርባዋ ላይ ነበር። እርስዎ እንደሰፉት የነገረን ዘበኛው ነው።»

እማማ ሸጊቱ ቁጭ አሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሲፈርሙም አውራ ጣታቸውን ነው የሚያሳርፉት። ኮንዶሚኒየሙ የቆመው አባታቸው ጤፍ ሲያርሱበት በኖሩት መሬት ላይ ነው። መሬቱ ሲሄድ እሳቸው የስፌት መኪና ገዝተው ሸራ መስፋት ጀመሩ፤ ይኸው ዛሬ የቢሮ ልጅ ሁሉ ላፕቶፑን ታቅፎ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። ተምሯል የሚባል ሰው ትከሻው ምን ያህል እንደሚሸከም እንኳ እንደማያውቅ ሲያዩ ይገርማቸዋል።

«ትናንት አንድ ሰዓት ሙሉ አብራኝ ነበረች» አሉ። «የድሮ ቦርሳዋን ታክሲ ውስጥ በምላጭ ቀደውባታል። ላፕቶፑም ከውጭ በኩል ተንጠልጥሎ ወገቧን ገድሏት ነበር። ከባዱ ነገር ከጀርባ ይጣበቅ አልኳት። ስፖንጁን ወፍራም አድርጌ የላፕቶፑን ኪስ ከጀርባዋ በኩል ሰፋሁላት። ቻርጀሩ ለብቻ፣ ምሳ ዕቃው ለብቻ፣ ጃንጥላው በጎን። ላፕቶፑን ከታ ከዚህ እስከ ታክሲ ተራው አመላለስኳት፤ ማንገቻውን አጠበብኩ፣ ደግማ ሄደች። ተመልሳ ምን አለችኝ? ‹እማማ፣ ይኼ እኮ አምስት ዓመት ያገለግለኛል› አለችኝ። ነገ ልትሞት ያሰበች ልጅ ስለ አምስት ዓመት ታወራለች?»

«ለእናቷ መልእክት ልካለች። ‹እማ፣ ደክሞኛል፣ ይቅር በይኝ› ይላል። ፎቁ ላይ ሌላ ሰው አልታየም።» ጸደንያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀብሩ ነገ ነው። ራሷን ካጠፋች ፍትሐት የለም ብለዋል ካህናቱ። እናቷ እግሬ ላይ ወድቀው ‹ልጄ ያለ ጸሎት አትቀበርብኝ› አሉኝ። ማስረጃ ካላገኘሁ ግን ነገ የምጽፈው ያንኑ ነው።»

«ከመጻፍሽ በፊት ቦርሳውን እዪው።»

እማማ ሸጊቱ ቦርሳውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በጣታቸው ዳሰሱት። ማንገቻዎቹ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ተለቀዋል። ከላይ ያለችው የእጅ መያዣ፣ አራት ጊዜ ደርበው የሰፏት፣ በአንድ በኩል ስፌቷ ተበጥሶ ወደ ላይ ተስባለች። የደረት ማሰሪያው ደግሞ ተቆርጧል፤ መንጠቆው ግን እንደተቆለፈ ነው።

«ይኼን ማን ቆረጠው?»

«እኛ። መንጠቆው አልፈታ ብሎን።»

«ስንት ሆናችሁ?»

«... አራት።»

«ጎበዞች!» መንጠቆዋ የታክሲ ሌባ እንዳይፈታት ብለው ራሳቸው በብረት ሠሪ ያስቀረጿት ናት፤ ያላሳዩት ሰው አይቆልፋትም፣ አይፈታትም።

«እንዴት ነው የሚፈታው ታዲያ?»

«አሁን አልነግርሽም። ስልኳስ የት ነበር?»

«በውጭው ኪስ።»

«ቦርሳዋ በምላጭ የተቀደደባት ልጅ? ለስልኩ ብዬ ማንገቻው ላይ ኪስ ሠርቼላታለሁ፤ ራሷ ከታ ነው የሄደችው። ላፕቶፑስ?»

«የለም። የት እንደገባ አላወቅንም።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አነሱ። ከግድግዳው ላይ ደግሞ ልክ ያንኑ የመሰለ ሌላ ቦርሳ አወረዱ።

«ተነሺ፤ ቤቷ ውሰጂኝ። አፍሽን ግን ዝጊልኝ።»

የኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ያገኙት ዘበኛውን ኮርሳን ነው፤ ሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ በአንድ ትከሻው ፎቅ የሚያወጣ ግዙፍ ሰው።

«አንተ ነህ ያገኘሃት?» አሉት እማማ ሸጊቱ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ዱብ ሲል ሰምቼ ሮጥኩ።»

«ጩኸትስ?»

«የለም። ዱብታው ብቻ ነው።»

«በዚያ ሰዓት የገባ ሰው ነበር?»

ኮርሳ ግቢው ውስጥ መኪናው ላይ ተደግፎ ወደሚያለቅሰው ወጣት በአገጩ ጠቆመ። «ደምሰው። እጮኛዋ ነው። ከመውደቋ ትንሽ ቀደም ብሎ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።»

ደምሰው ትከሻው በር የሚሞላ ልጅ ነው። ቀና ብሎ ሲያያቸው ዓይኑ ደም መስሏል።

«ወደ ሥራ ላደርሳት መጥቼ ነው፣ እናቴ። ወጥቼ አንኳኳሁ፤ የሚከፍት ጠፋ። ማታ በስልክ ተጣልተን ስለነበር አኩርፋ መሰለኝ። ተመልሼ መኪና ውስጥ ጠበቅኋት።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በሠርግ ቀን። ከፋሲካ በኋላ ይሁን አልኩ፤ እሷ በፊት አለች።» አፉን በመዳፉ ያዘ። «እሺ ብላት ምን ነበረበት?»

ኢንስፔክተሯ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። እማማ ሸጊቱ አዩአትና «ቸኩለሻል» አሏት። ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

አራተኛ ፎቅ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ወይዘሮ ተናኘ፣ የያኤል እናት፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት ቀጭን ልጅ ከጎናቸው ተለጥፋ እጃቸውን ታሻሻለች። ማርቲ ናት። እናቷ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ወይዘሮ ተናኘ ከያኤል ጋር በአንድ አልጋ አሳደጓት። ሁለቱ በአንድ ቀን ተመረቁ፣ አንድ የሕንፃ ፕላን የሚያወጣ ቢሮ ተቀጠሩ፣ ይህንን ቤትም አብረው ተከራዩ።

«አንቺስ ምን ሰማሽ፣ ልጄ?»

«ምንም። የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ነው የምተኛው። የነቃሁት ኮርሳ ሲጮህ ነው።»

«አዲሱን ቦርሳዋን አይተሽዋል?»

«አላየሁትም፣ እማማ። ማታ ስትገባ ተኝቻለሁ፤ ጠዋትም ሳልነቃ ነው የወጣችው።»

«ላፕቶፗ ጠፍቷል ይላሉ።»

«ቢሮ ትታው ነው የሚሆነው» አለች ማርቲ። «እማ፣ ውኃ ላምጣልሽ?»

እማማ ሸጊቱ ወጥተው ከበሩ እስከ ኮሪደሩ ብረት በእርምጃ ለኩ፤ ስድስት። ብረቱ የእሳቸው ደረት ድረስ ይመጣል። ከዚያ ጸደንያን ጠርተው «ሁሉንም ሰብስቢልኝ» አሉ።

ኮርሳና ደምሰው ወጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ። እማማ ሸጊቱ ያመጡትን ቦርሳ ወንበር ላይ አኖሩት።

«ይኼ የዚያኛው ወንድም ነው። ልጅቷ እንዴት አድርጋው እንደወጣች ማየት እፈልጋለሁ። በየተራ ልበሱት፣ ደረት ላይም ቆልፉት። ኮርሳ፣ ጀምር።»

ኮርሳ ማንገቻውን ከክርኑ ማሳለፍ አቃተው፤ መንጠቆዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ነካክቶ እጁን አነሳ። ደምሰው ታገለ፣ ሳበ፣ ጨርሶ አጠበቃት። ኢንስፔክተሯም ተራዋ ሲደርስ ጥፍሯ ተሰበረና «ይኼ ነገር ተረግሟል» አለች።

«አንቺ ሞክሪ» አሉ እማማ ሸጊቱ።

ማርቲ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። ቦርሳውን አጠለቀች። ዓይኗ ወይዘሮ ተናኘ ላይ እንደሆነ ሁለት እጇ ደረቷ ላይ ተገናኘ፤ መንጠቆዋን ወደ ውስጥ ገፋ፣ ወደ ላይ አዞረ። ቀጭ አለ።

«ማን አሳየሽ?» አሉ አሮጊቷ።

«... ሌሎቹ ሲያደርጉ አይቼ ነው።»

«ማንን? አንድም የቆለፈ የለም።»

ማርቲ እጇን ከመንጠቆዋ ላይ አነሳች።

«እንግዲህ ስሙ» አሉ እማማ ሸጊቱ። «እኔ ወረቀት አላነብም፤ የሰፋሁትን ግን አውቃለሁ። ማንገቻውን ትናንት በልኳ አጥብቄ ነው የሸኘኋት። ዛሬ እስከ ጫፉ ተለቋል። እጁን ማንሳት የሚችል ሰው ማንገቻ አያላላም፤ ሾልኮ ይገባል። እስከ ጫፉ የሚለቀው፣ እጁ የዛለ ሰው ላይ የሚያጠልቅ ነው። ለዚህ ነው ኮርሳ ጩኸት ያልሰማው። ልጅቷ ከመውደቋ በፊት ራሷን አታውቅም ነበር።»

ወይዘሮ ተናኘ ቀና አሉ።

«ቦርሳውን ለምን አለበሳት?» አለ ደምሰው።

«መያዣ እንዲሆን ነዋ! የዛለ ሰው ይከብዳል፤ የሚጨበጥ ነገር የለውም። ቦርሳ ካጠለቅክበት፣ ደረቱ ላይ ከቆለፍክበት ግን ከላይ እጀታ አለው። በዚያች እጀታ ነው ከዚህ በር ስድስት እርምጃ የተጎተተችው፣ በብረቱም ላይ የተሳበችው። አራት ጊዜ የሰፋኋት እጀታ በአንድ ሌሊት አረጀች። ከፎቅ መውደቅ ሸራ ይቀድዳል እንጂ እጀታ ወደ ላይ አይስብም። አሁን እነዚህን ሁለት ጎረምሶች እዩአቸው። ከሁለቱ አንዱ ቢሆን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይጥላት ነበር። እጀታ የሚያስፈልገው ጉልበት ያነሰው ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ የነበረ፣ ደምሰው ሲያንኳኳ ትንፋሹን የዋጠ። የስልኳን ቁልፍ የሚያውቅ፣ መልእክቱን ጽፎም በችኮላ ውጭው ኪስ የወሸቀ። ቦርሳውን አላየሁትም ብሎም መንጠቆዬን ጨለማ ውስጥ እንኳ የሚቆልፍ።»

ጸደንያ ወደ መኝታ ክፍሉ ገብታ ነበር። ስትመለስ የያኤልን ላፕቶፕ ይዛለች። «የአንቺ ሻንጣ ውስጥ፣ ከልብስ ሥር» አለች።

ማርቲ ቦርሳውን እንደለበሰች ግድግዳው ላይ ተደገፈች።

«ቢሮ ሹመት የሰጠኝ ባስረከብኩት የሕንፃ ፕላን ነው» አለች። «ፕላኑ የሷ ነው። ስትተኛ ነው ከላፕቶፗ የወሰድኩት። ዛሬ ንጋት ላይ ልትሠራ ስትነሳ የሹመቱን ደብዳቤ አየችው። ‹ለአለቃችን እነግራለሁ› አለች። ልጥላት አላሰብኩም፤ ገፋኋት። ጭንቅላቷ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ... ሞታ ነበር! በእግዚአብሔር ስም፣ ሞታ ነበር!»

«አልሞተችም ነበር» አለች ጸደንያ። «ሐኪሙ አሁን ደውሎልኛል። ስትወድቅ ትተነፍስ ነበር።»

ደምሰው ፊቱን አዞረ። ኮርሳ በጣቱ አማተበ።

«መንጠቆውን ማን አሳየሽ?» አሉ እማማ ሸጊቱ፤ አሁን በቀስታ።

«ራሷ» አለች ማርቲ። «ማታ ለብሳው እየዞረች አሳየችኝ። እጄን ይዛ ነው ያስተማረችኝ። ‹ደሞዝ ስንቀበል ላንቺም አሠራልሻለሁ› አለችኝ።»

ወይዘሮ ተናኘ ከመሬት ተነሱ፤ የሚደግፋቸውን እጅ ሁሉ ገፉ። ስልካቸውን አወጡና ደወሉ።

«አባ? ልጄ ራሷን አላጠፋችም። ፖሊሷ እዚህ አለች፣ ትነግርዎታለች። ነገ ፍቱላት።» ዘጉት።

ጸደንያ ማርቲን በካቴና ካሰረች በኋላ ደብተሯን ገለጠች። እንደ ልማዱ ጠየቀች፤ ምን እየጠየቀች እንደሆነ የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ተጠርጣሪ ስንይዝ ለቤተሰቡ ማሳወቅ አለብን። ቤተሰቧ ማነው?»

ማርቲ መሬት መሬት አየች። ኮርሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ተናኘ። «ጻፊ። ተናኘ በላቸው። እናት ብለሽ ጻፊ፤ ሌላ የላትም።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሁሉም ሰማው።

«እማ...» አለች ማርቲ።

ወይዘሮ ተናኘ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ። አላዩአትም።

«ይጻፍ አልኩ እንጂ ጥሪኝ አላልኩሽም።»