ሩጪ፣ ፈረንሳይት

«ሩጪ እንጂ ፈረንሳይት፤ አጭበርባሪ እንዲህ ይንቀረፈፋል እንዴ?» አለቻት ሆላንዳዊውን የምትጫወተው ኬርዲሻ፣ ሆዷ ላይ ያሰረችውን ትራስ እያስተካከለች። የትምህርት ቤቱን ድራማ ልምምድ የሚያዩት ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ሮዝማም አብራቸው ሳቀችና፣ የገለባ ባርኔጣዋን ይዛ በግቢው ላይ በኖራ የተሣለችውን ደሴት ዳር ዳሯን ሮጠች።

በደሴቷ የድንበሩን ታሪክ የማያውቅ የለም። አንድ ፈረንሳዊና አንድ ሆላንዳዊ ደሴቷን ለመካፈል ጀርባ ለጀርባ ተነስተው፣ ሳይሮጡ በባሕሩ ዳር ሄዱ፤ በተገናኙበት በኩል ድንበር ተሰመረ። ለፈረንሳዮቹ ሰፋ ያለው ደረሳቸው። ለምን እንደሆነ ግን እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል። ሮዝማ ባደገችበት፣ በፈረንሳዮቹ በኩል ባለው በማሪጎ፣ ሆላንዳዊው አረቄውን ሲጋት እንቅልፍ ጣለው ይባላል። እዚህ በሆላንዶቹ በኩል፣ ፊሊፕስበርግ ደግሞ ፈረንሳዊው ሮጦ አጭበርብሯል። ሮዝማ ይህን መች አወቀች? አዲሱ ትምህርት ቤት በገባችበት በመጀመሪያው ቀን ስትጠየቅ በልበ ሙሉነት «ሰክሮ ተኝቶ ነው» አለች፤ ክፍሉ ዞሮ አፈጠጠባት። ከዚያ ወዲህ በስሟ የጠራት የለም።

ማሪጎ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ድንበሩ ላይ የሚያስቆም ፖሊስ እንኳ የለም። ሆኖም ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳዋን ከውኃ ታንከሩ ጥግ ብቻዋን ስትበላ፣ ባሕር የተሻገረች ያህል ሆድ ይብሳት ነበር። አጭበርባሪውን እንድትጫወት ከተመረጠች በኋላ ነው ኬርዲሻ አግዳሚ ወንበሯ ላይ ጠጋ ያለችላት። ስንዝር ቦታ ናት፤ ግን ቦታ ናት።

ከሰዓት በኋላ የእናቷ አጎት፣ ሽማግሌው ኤልቫርድ፣ በቤታቸው በረንዳ ላይ አተር እየፈለፈሉ «ማንን ሆነሽ ነው የምትጫወቺው?» አሏት።

«ፈረንሳዊውን። ፈረንሳይት ነው የሚሉኝ።»

ሳቁ። «አንቺን? የአያቴ አያት እኮ እዚሁ ከጨው ሐይቁ ጨው የምታወጣ የሆላንዶች ባሪያ ነበረች። ከኮረብታው ማዶ ፈረንሳዮቹ ባሮቻቸውን ነፃ ሲለቁ፣ እዚህ ገና አሥራ አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። ልጇን አዝላ ሮጣ ተሻገረች። ያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቅርጫት የእሷ ነው ይላሉ።»

ሮዝማ ቅርጫቱ ለጌጥ የተሰቀለ ይመስላት ነበር። «እንደሷ ያሉት ታሪኩ ውስጥ የት ናቸው ታዲያ?»

«እንጃ ልጄ። ያስገባቸው የለም» አሉና ወደ አተራቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ልምምዱ ሊጀመር ሲል ሮዝማ ቅርጫቱን ይዛ መጣች። ባርኔጣውን አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ልክ እሷ የምትቀመጥባት ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ ፈረንሳዊውን ሌላ ሰው ይሁን» አለች ልምምዱን ወደሚመሩት መምህር ዞራ።

ኬርዲሻ ባርኔጣውን አየች፣ ቅርጫቱን አየች። «ቀልደኛ ነሽ። ታዲያ ማን ሊሮጥ ነው?»

የሳቀ አልነበረም። ሮዝማ የውኃ ታንከሩን በዓይኗ ፈለገችው፤ ያው እንዳለ ነው፣ ጥላውም ባዶ።

«እኔው እሮጣለሁ» አለች። «ዳር ዳሩን ግን አይደለም።»

ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ ቅርጫቱን ተሸከመች። ከዚያ ከሆላንዶቹ በኩል ሄዳ፣ ድንበር ሆኖ መሀል ለመሀል ከተሰመረው ኖራ ፊት ብቻዋን ቆመች።