በመርከብ የሸሸው ሙሽራ

ኤላዲዮ የወረወረው ገመድ ጀልባዋ ላይ መውደቅ ሲገባው የልጅቷ ራስ ላይ አረፈ።

«ዓሣ መሰልኩህ እንዴ?» አለች ብሪሴዳ፣ ገመዱን ከፀጉሯ ላይ እያነሳች።

ይቅርታ ሊላት ፈልጎ «አዎ» አላት። እሷ ሳቀች... እሱ አለቀለት!

ኤላዲዮ የኮሎን ከተማ ልጅ፣ የአንዲት ትንሽ የቱሪስት መርከብ ነጂ ነው። መርከቧ የፓናማን ቦይ ተሻግራ፣ ጫካ ለጫካ ወንዝ ለወንዝ ስትዞር ሰንብታ፣ በመጨረሻ ጉና ወደሚባለው ነባር ሕዝብ ደሴቶች ትመጣለች። ብሪሴዳ እዚያ ጀልባዋን እየቀዘፈች የሰፋችውን፣ ሞላ የሚሉትን በቀለም ያበደ ጨርቅ፣ ለቱሪስቶች ትሸጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ኤላዲዮ በቦዩ በሮች መካከል ውሃ እስኪሞላ መጠበቅ ያንገበግበው ጀመር። በመጣ ቁጥር እሷው ጋ ነው።

አንድ ቀን አብረው ተቀምጠው ሲያወሩ የደሴቲቱ ጎረምሶች አፈፍ አድርገው ተሸከሙት። አባቷ ቤት ወስደው ዥዋዥዌ አልጋ ላይ ወረወሩት፤ ብሪሴዳንም አምጥተው ጎኑ አስተኟት። ሰው ሁሉ ይስቃል። ኤላዲዮ ለቱሪስት የተዘጋጀ ጨዋታ መሰለው። እየሳቀ ዘሎ ወርዶ ሮጠ፤ መርከቧም ይዛው ሄደች።

የመርከቧ ወጥ ሠሪ የጉና ሰው ነበር። ወሬውን ሲሰማ ጭልፋው ከእጁ ወደቀ።

«አንተ ቂል! ሰርግህ እኮ ነው! አባቷ መርጦህ ነው!»

«ብቆይ ኖሮስ?»

«ባሏ ነበርክ። አማቾችህ ቤት ገብተህ ታርሳለህ፣ ዓሣ ታጠምዳለህ። መርከብ የሚባል ነገር ትረሳለህ።»

ኤላዲዮ መርከብ ይወዳል። በመሪው ፊት ቆሞ ብዙ አሰበ። ስንት ወደብ አይቷል፤ የሚጠብቀው ሰው ያለበት ግን አንድ ብቻ ነው። እሷንም አዋርዷት መጣ።

ሲመለስ ብሪሴዳ ጀልባዋን ይዛ አልወጣችም። ደጃፏ ላይ ስትሰፋ አገኛት።

«ሸሽቼ አዋረድኩሽ...»

«ሙሽራማ ይሸሻል፤ ወጉ ነው። አባቴም ሸሽቶ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ግን እስከ ዘንባባው ድረስ ነው የሚሸሸው! በመርከብ ይሸሻል? ጎረምሶቹ የት ሄደው ይያዙህ?» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«አሁንስ ይይዙኛል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቀስ ብለህ ተራመድ።»

ቀስ ብሎ ተራመደ። ያዙት!

ዥዋዥዌው ላይ ጎን ለጎን እንደተኙ መርከቧ ጮኸች። ደግማ ጮኸች። ብሪሴዳ ወደ ባሕሩ ዞረች።

«እየጠሩህ ነው...»

«እኔን አይደለም» አለ ኤላዲዮ፣ ጫማውን እያወለቀ። «መሪውን ለረዳቴ አስረክቤ ነው የወረድኩት።»