ፋኖሱን ለኩሰው

አዛውንቱ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪ በሥራ ክፍላቸው ወለል ላይ ሞተው ተዘርረው ነበር፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ማጅራታቸውን መትቷቸዋል። ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ስክሪኑ ላይ ጨለማ ጎተራ፣ መሃሉ ላይ የጠፋ ፋኖስ ይታያል። መርማሪዋ ይህን አየችና ክፍሉን አሸገች።

ሳሎን ውስጥ የሟች ልጅ ታለቅሳለች።

«አባቴ የድሮ ጨዋታውን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ እያደረገው ነበር። ውስጡ የምትናገረው እናቴ ናት። በሕፃንነቴ ስለሞተች ድምጿን አላውቀውም። ሊያሰማኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር።»

የእናቷ ወንድም፣ የጨዋታውን ሥዕሎች የሣሉት ሰው፣ አጠገቧ ተቀምጠዋል።

«ትናንት መጥቼ ነበር» አሉ። «በሩ ዝግ ነው። ከውስጥ እህቴ ‹ፋኖሱን ለኩሰው› ስትል ሰማኋት። ይጫወት ብዬ ሳልገባ ተመለስኩ።»

አስከሬኑን ያገኘው ቴክኒሻን ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። መርማሪዋ ወደ እሱ ወጣች።

«ያቺ ንግግር የት ነው የምትሰማው?»

«ጎተራው ውስጥ፣ ፋኖሱ ሲነካ ብቻ። ግን አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ገና ዲዳ ነው። የድሮው ማሽን ከተቃጠለ ቆየ። ዛሬ ድምፁን ይዤላቸው ስመጣ ነው ጋሼን ሞተው ያገኘኋቸው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለች ወደ አጎትየው ዞራ። «ጨዋታው ድምፅ እንደሌለው ልጅቱም ቴክኒሻኑም ያውቃሉ። እርስዎ የሚያውቁት የድሮውን ነው፤ እሱ ይናገር ነበር። በዝግ በር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ንግግር የፋኖሱን ለምን መረጡ? ስክሪኑ ላይ የነበረው ፋኖሱ ስለሆነ ነው። ገብተው በዐይንዎ ያዩትን፣ በጆሮዬ ሰማሁ አሉን።»

ሰውየው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ሞታም አታርፍም? መንገደኛው ሁሉ እየነካ ያናግራት? ተው አልኩት፤ እምቢ አለኝ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም።»

ልጅቱ አጎቷን አላየቻቸውም። ቴክኒሻኑን «አሰማኝ» አለችው። መርማሪዋም አልከለከለችም።

ቴክኒሻኑ የታሸገውን ክፍል አስከፍቶ ገባና ከኪሱ ያወጣውን ፍላሽ ሰካ። ልጅቱ ፋኖሱን ነካች።

«ፋኖሱን ለኩሰው» አለች አንዲት ወጣት ሴት፣ ሳቅ እያፈናት። «ጨለማ እፈራለሁ።»

ካቴና የገባላቸው አጎት ደፉ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ እንባዋን ሳትጠርግ ፋኖሱን እንደገና ነካችው።