ልደታቸው ያልታወቀው ካፒቴን

መምህር ሕዝቅኤል ከጓሯቸው ደረጃ ሥር ሞተው ከተገኙ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ኢንስፔክተር አስካለች የእንጦጦ ማርያምን ዳገት ለአራተኛ ጊዜ ወጣች። ከዳገቱ ይልቅ ያደከማት የሀዊ ነገር ነው፤ ልጅቷ ተጠርጥራ ሁለት ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ አድራለች።

ሀዊ የመምህሩን ቤት ታጸዳ ነበር። በዕለቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥታ ብታንኳኳ መልስ አጥታ መመለሷን ተናግራለች። ያመናት የለም። መምህሩ በኮምፒውተር ጽፈው ባተሙት ገጽ ሁሉ ግርጌ ሰዓቱን ራሳቸው ይተይባሉ፤ ጠረጴዛው ላይ የተገኘው የመጨረሻ ገጽ ዘጠኝ ሰዓት ይላል፤ ሀዊ ስትመጣ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። የቀድሞ ባልደረባቸው ዮፍታሔ ጠዋት ጎብኝቷቸው፣ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ኮተቤ ሲያስተምር ውሏል። አሳታሚው ጠሀ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሱቁ አልወጣም።

መምህሩ ይጽፉት የነበረው መጽሐፍ ስለ አንድ የካሪቢያን የባሕር ወንበዴ ካፒቴን ነው። የሰውየው ልደት አይታወቅም፤ ስሙም አሟሟቱም ያከራክራል። ጠሀ ሲጠየቅ አልደበቀም፤ መጨረሻው ያልታወቀ መጽሐፍ ስለማይሸጥ ካፒቴኑ ይሙትና አሳትማለሁ ብሎ ነበር። መምህሩ እንቢ አሉ። ስሙ አብሮ ሽፋኑ ላይ ሊወጣለት የነበረው ዮፍታሔ ግን በዚህ ተቃጥሏል።

አስካለች ሦስቱንም በመምህሩ የሥራ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«መምህር ዮፍታሔ፣ የመጨረሻውን ገጽ ያንብቡልን።»

«ካፒቴኑ በትኩሳት ታሞ ሞተ። እዚያው ደሴት ላይ ተቀበረ።»

«ከሱ በፊት ያለውንስ?»

«ካፒቴኑ የት እንደ ተወለዱ...» ዮፍታሔ አቋረጠ።

ጠሀ ሳቅ አመለጠው። «እኔማ ‹ጋሼ፣ ሌባ አንቱ ይባላል እንዴ?› ብያቸው ነበር። ‹ዕድሜውን የማላውቀውን ሰው እንዴት አንተ እለዋለሁ?› አሉኝ።»

«ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ አንቱ ብለውታል» አለች አስካለች። «ይህን ገጽ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ሞታቸውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት መግፋት ለሀዊ አይጠቅማትም፤ ጠሀም ጠዋት እዚህ አልነበረም። የሚጠቅመው ጠዋት እዚህ ለነበረ ሰው ነው። መምህር ዮፍታሔ፣ ስምዎ ሊወጣበት የነበረውን መጽሐፍ አንብበውት ቢሆን ኖሮ እርስዎም አንቱ ይሉት ነበር።»

ዮፍታሔ ወረቀቱን አጣጥፎ አስቀመጠው። «ልገድላቸው አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «ተከራከርን፤ ገፋኋቸው።»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

«በቃ፣ ነፃ ነሽ። ሂጂ እህቴ» አለቻት አስካለች።

ሀዊ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። «ብቻዬን አልወርድም። ስወሰድ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አይቶኛል። እርስዎ አብረውኝ ይውረዱ።»

አስካለች ሾፌሩን ዮፍታሔን ይዞ እንዲቀድም አዘዘችው፤ ሁለቱ ሴቶችም ቁልቁለቱን በእግራቸው፣ በየደጁ ሰላምታ እየሰጡ ወረዱት።